የመዶሻ ቅርስ፦ የዛገ መኪና ጥገና በንፋስ ስልክ ላፍቶ

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ አገሪቱ ብረት መቀጥቀጥን ከጥንት ጀምሮ የምታውቅ፣ ቀጥቃጩን ግን ጠይብ እያለች የምታገልል ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያስነገሩት በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የሁለቱ ክስተቶች መገጣጠም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ቀስ በቀስ ባትላሜራ በሚባለው ባለሙያ፣ ማለትም የመኪናን ውጫዊ ብረት ቀጥቅጦና በይዶ ቅርጹን በሚመልሰው ሠራተኛ እጅ ላይ ሊገናኙ ችለዋል።

ሙያው መልክ የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ወራሪው ለጦርነት ያስገባቸው የፊያትና የላንቻ ካሚዮኖች ጥገና ይሹ ስለነበር፣ ከነጻነት በኋላም አገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያናውያን ጋራዥ ከፍተው ስለሠሩ፣ ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ሙያውን ከነቃላቱ ተቀበሉ፤ የጎማ መሸፈኛው ፓራፋንጎ፣ የሞተር ክዳኑ ኮፈን፣ ጉድጓድ መሙያው ስቱኮ ተብለው እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች እየበረከቱ ሲሄዱ (የሰፈሩን ስም የያዘው የንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ አንዱ ነው) በሳሪስ፣ በጎፋና በመካኒሳ የጥገናው ሥራም አብሮ ሰፋ። ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ሰው መኪናውን ከአጥሩ ውስጥ አቁሞ ባትላሜራውን ወደ ቤቱ ማስጠራት ይችል ስለነበር፣ ከፍተኛ ትዕግሥት የሚጠይቀው የዝገት ሥራ ከጋራዥ ይልቅ ለግቢ የተመቸ ሆነ።

ለዚህ ዓይነቱ ጥገና ከሁሉ የተሻለው ምስክር ቮልስ የሚባለው የቮልስዋገን ቢትል ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ብትወጣም፣ ከዚያ እጅግ የቀደሙት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ አሁንም ይታያሉ። በክረምት የአውሮፓ መንገዶች ላይ የሚበተነው በረዶ ማቅለጫ ጨው እዚህ የለም፤ ሆኖም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብና ከወለሉ ሥር የሚጋገረው ጭቃ ብረቱን ይበሉታል፤ ከኋላ መቀመጫ ሥር የተቀመጠው ባትሪ የሚያፈሰው አሲድ ደግሞ ወለሉን ከላይ ያበሰብሰዋል። ብልህ ባትላሜራ ምንጣፉን አውጥቶ ወለሉን በመዶሻ እያንኳኳ የድምፁን ልዩነት ያዳምጣል፤ የደነዘ ድምፅ የሰጠውን ክፍል ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ቆርጦ ያወጣል፤ በካርቶን ልኩን ወስዶ ከላሜራ፣ አንዳንዴም ከተዘረጋ አሮጌ በርሜል፣ ምትኩን ይቆርጣል። የጋዝ ብየዳውን በአንድ መስመር ከሄደበት ሙቀቱ ላሜራውን ስለሚያጣምመው፣ እዚህና እዚያ በነጥብ እየያዘ ያዳርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀባው ስቱኮ ስስ መሆን አለበት። ቀዳዳን በስቱኮ ብቻ ደፍኖ በቀለም መሸፈን ግን ባለንብረቱን ማታለል ነው፤ እርጥበቱ ከውስጥ ታፍኖ ስለሚቀር ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላልና።

አሮጌ መኪና በዚህ ሁሉ ድካም እንዲቆይ ያደረገው ፍቅር ብቻ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ሲታገድ፣ ቀድሞ የገባውን ማደስ ይበልጥ አዋጪ ሆነ። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አካል ግን በእሳት ሲሞቅ ጥንካሬውን የሚያጣ ልዩ ብረትና አሉሚኒየም ያለበት በመሆኑ፣ የቮልስን ወለል ያዳነው የጋዝ ብየዳ እነዚህኞቹን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ነባሩ ጥበብ ከአሮጌዎቹ መኪኖች ጋር አብሮ እንዳይጠፋ፣ የያዙት ባትላሜራዎች በሥራ ላይ ሳሉ እውቀታቸው በጽሑፍና በሥዕል ተመዝግቦ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ሊሰጥ ይገባል።