ሚካኤል ቼኾቭ፦ ሀገሩን አጥቶ ሙያውን ያላጣው ተዋናይ

ግንበኛ ቢሰደድ የእጁን ሙያ ይዞ ይሄዳል፤ ገበሬም በሄደበት ምድር አፈሩንና ዝናቡን አጥንቶ ማረስ ይችላል። የመድረክ ተዋናይ ግን ዋነኛ መሣሪያው አንደበቱ ነውና፣ ቋንቋው ወደማይሰማበት ሀገር ሲሻገር የሙያውን ግማሽ ትቶ ይወጣል። ሩሲያዊው ተዋናይ ሚካኤል ቼኾቭ ይህ ዕጣ ገጥሞታል። በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ከሞስኮ ወጥቶ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ እንደገና ተዋናይ ለመሆን ተገድዷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውልደትና ጅማሮ

በሀገሩ ሚኻይል አሌክሳንድሮቪች ቼኾቭ ተብሎ የሚጠራው ተዋናይ በ1891 በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ አሌክሳንድር የታዋቂው ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት የአንቶን ቼኾቭ ታላቅ ወንድም ነው። በተወለደበት ከተማ የትወና ትምህርት ከተከታተለ በኋላ በ1912 ወደ ሞስኮ የጥበብ ቲያትር ገባ። በዚያም የቲያትሩ መሥራች ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ አስተማሪው ሆነ።

የወጣትነት ዘመኑ ግን የተደላደለ አልነበረም። የመጀመሪያ ትዳሩ ፈረሰ፤ በአብዮቱ ዘመንም በጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ተይዞ ለጊዜው ከመድረክ ራቀ። ተመልሶ ሲመጣ ግን የሞስኮን ተመልካች ያስደነቀ ተዋናይ ሆነ። በ1921 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ገጸ ባሕርያትን ተጫወተ። አንደኛው በስትሪንድበርግ ተውኔት ውስጥ አእምሮው የተናወጠው የስዊድን ንጉሥ ኤሪክ 14ኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጎጎል አስቂኝ ተውኔት ውስጥ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መስሎ የአንዲትን ከተማ ሹማምንት የሚያታልለው ኽሌስታኮቭ ነው። በ1924 ሐምሌትን ተጫወተ፤ በዚያው ዘመን የሁለተኛው የሞስኮ የጥበብ ቲያትር ኃላፊ ሆነ።

ስደት

ቼኾቭ ኦስትሪያዊው አሳቢ ሩዶልፍ ሽታይነር ለመሠረተው መንፈሳዊ አስተምህሮ ቅርበት ነበረው። ይህ ዝንባሌው ከሶቪየት መንግሥት ይፋዊ አስተሳሰብ ጋር አልተስማማም። በቲያትሩ ውስጥ የተነሣው መከፋፈልና በጋዜጦች የደረሰበት ወቀሳ እየበረታ ሲሄድ የመታሰር ሥጋትም አንዣበበበት። በ1928 ከሀገሩ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰባትም።

በበርሊንና በቪየና ከዳይሬክተር ማክስ ራይንሃርት ጋር በጀርመንኛ ሠራ። ከዚያ በፓሪስ የራሱን ቡድን ለማቋቋም ቢሞክርም የገንዘብ እጥረት ጥረቱን አከሸፈው። ከ1932 ጀምሮ በላትቪያና በሊትዌኒያ ሲተውንና ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1934 በልብ ሕመም ተመታ። በላትቪያ የተነሣው የፖለቲካ ለውጥ ሲታከልበት ከዚያም መውጣት ግድ ሆነበት። በስድስት ዓመታት ውስጥ የረገጠው ሀገር በዛ፤ የረጋ መድረክ ግን አላገኘም።

በእርሻ መንደር የተከፈተ ትምህርት ቤት

በ1935 ከሩሲያውያን ተዋንያን ቡድን ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በገዛ ቋንቋው ሲጫወት ያየችው ቢያትሪስ ስትሬት የተባለች ወጣት ተዋናይት ወደ እንግሊዝ እንዲመጣ ጋበዘችው። እናቷ ዶሮቲና የእንጀራ አባቷ ሊዮናርድ ኤልምኸርስት በዴቮን አውራጃ ዳርቲንግተን ሆል የተባለ ሰፊ ይዞታ ነበራቸው።

ባልና ሚስቱ ይዞታውን በ1925 ሲገዙ ሕንፃዎቹ ያረጁ፣ መሬቱም የተጎሳቆለ ነበር። ሊዮናርድ በአሜሪካ ግብርና የተማረና በሕንድ ከባለቅኔው ታጎር ጋር በገጠር ልማት የሠራ ሰው ነው። በዳርቲንግተንም የወተት ከብት፣ የዶሮ እርባታ፣ የፍራፍሬ ልማት፣ የደንና የሽመና ሥራ እንዲስፋፋ አደረጉ። ዓላማቸው ግን ምርት ማሳደግ ብቻ አልነበረም። የገጠሩ ሕይወት የሚያንሠራራው እርሻ፣ ትምህርትና ኪነ ጥበብ ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ አንድ አሮጌ የእርሻ መጋዘንም ወደ ቲያትር ቤት ተለውጦ ነበር።

ቼኾቭ በ1936 የትወና ትምህርት ቤቱን በዚህ ስፍራ ከፈተ። እንግሊዝኛን እየተማረ በእንግሊዝኛ አስተማረ። ከስታኒስላቭስኪ ጋር የሚለያይበትን ትምህርትም እዚህ አጠናከረው። ስታኒስላቭስኪ በአንድ ወቅት ተዋናዩ ስሜቱን ከራሱ ትዝታ እንዲቀሰቅስ ያስተምር ነበር፤ ቼኾቭ ግን ምናብንና የሰውነት እንቅስቃሴን አስቀደመ። ለአብነት፣ በሽማግሌ ፊት ዕርቅን እምቢ የሚል ሰው የሚጫወት ተዋናይ፣ በልምምድ ጊዜ በመላ ሰውነቱ አንድን ነገር ገፍቶ የማራቅ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ይሠራል። መድረክ ላይ ሲወጣ እጁ አይነሣም፤ ግፊያው ግን በድምፁና በዓይኑ ውስጥ ይቀራል። ይህንን ልምምድ «ሥነ ልቦናዊ እንቅስቃሴ» ብሎታል።

ሆሊውድና የመጨረሻ ዘመን

የጦርነት ደመና ሲያንዣብብ ትምህርት ቤቱ ወደ አሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ተዛወረ። ነገር ግን ወንዶቹ ተዋንያን ለውትድርና በመጠራታቸው በ1942 ተዘጋ። ቼኾቭ ወደ ሆሊውድ ተሻግሮ በፊልሞች መሥራት ጀመረ። በአልፍሬድ ሂችኮክ የ1945 ፊልም «ስፔልባውንድ» ውስጥ ከኢንግሪድ በርግማንና ከግሪጎሪ ፔክ ጋር አረጋዊውን ዶክተር ብሩሎቭን ተጫውቶ፣ በምርጥ ረዳት ተዋናይነት ለኦስካር ታጨ። ሽልማቱን ባያገኝም የባዕድ ቅላጼው በሰዎች ልብ የሚቀር ገጸ ባሕርይ ከመፍጠር አላገደውም።

በሎስ አንጀለስ ማስተማሩንም ቀጠለ። ማሪሊን ሞንሮ፣ አንቶኒ ክዊንና ጃክ ፓላንስ ከእርሱ ተምረዋል። የትወና ዘዴውን የያዘው መጽሐፉ በ1953 በእንግሊዝኛ ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 30 ቀን 1955 በ64 ዓመቱ አረፈ።

በሶቪየት ኅብረት ስሙ ለብዙ ዓመታት በግልጽ አይነሣም ነበር። የጽሑፎቹ ስብስብ በሁለት ቅጽ በሞስኮ የታተመው በ1986፣ እርሱ ካረፈ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ወደ እንግሊዝ የጋበዘችው ቢያትሪስ ስትሬት ደግሞ «ኔትወርክ» በተሰኘው ፊልም በምርጥ ረዳት ተዋናይትነት ኦስካርን አሸንፋለች፤ መምህሩ ታጭቶ ያለፈውን ሽልማት ተማሪዋ ወሰደችው።