ደብተሩ በማን ስም ነው?

ይህ ጥያቄ በስብሰባችን ስለሚደጋገም ታሪኩን ለመጻፍ ወደድን።

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ እስከ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። ኋላ የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ቢገባም እስከ 1966ቱ አብዮት ሳይጸድቅ ቀረ። ምን ይደንቃል? እንደራሴ ሆኖ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ሴናተሮቹን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስለ ጭሰኛው የመከሩት በአብዛኛው ባለመሬቶች ናቸው።

ደርግ ያለ ፓርላማ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31ን አወጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጥ ተጻፈ። ጾታ ሳይለይ! ድልደላው ግን በገበሬ ማኅበር እጅ ስለነበር በመዝገቡ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ የአባወራው ስም ነበር።

ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456 ያዘዘው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ በማን ስም እንደተጻፈ ግን ያላየች እህት በመካከላችን አለች። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናንብበው።