በመብራት የሚሰጥ የመንገድ ሰላምታ፤ አመጣጡና ትርጓሜው

መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ሰላምታ መለዋወጡ በየሕዝቡ ዘንድ የቈየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያም በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ወይም ባለማዕርግ ሲያጋጥመው ከበቅሎው ይወርድ፥ ሸማውንም አደግድጎ እጅ ይነሣ ነበር። የተገናኙት እኩያሞች የሆኑ እንደ ሆነ ቆም ብለው ስለ ጤና ከተጠያየቁ በኋላ ወንዙ ሞልቶ እንደ ሆነ፥ ሽፍታ ታይቶ እንደ ሆነ፥ የገበያውም ዋጋ እንዴት እንደ ዋለ ይነጋገሩ ነበር። ስለዚህ የመንገድ ሰላምታ ሁለት ነገር በአንድነት ይዞ ይገኛል፤ አንደኛው አክብሮት ነው፥ ሁለተኛውም ወሬ ነው። ወንዝ መሙላቱን እያወቀ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው፥ ምንም እንኳ እጅ ቢነሣ፥ ሰላምታን በሙሉ ሰጠ አይባልም።

አውቶሞቢል በመጣ ጊዜ ይህ ልማድ መተላለፊያ አጣ። የሞተሩ ድምፅ ቃልን ያፍናል፤ ፍጥነቱ ለመቆም ጊዜ አይሰጥም፤ በሌሊትም ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው መልኩ አይታይም። ለባለመኪናው የቀሩለት ሁለት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ክላክስና መብራት ናቸው። ክላክስ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ይጮኻል። መብራት ግን ወደ ተመለከተበት አቅጣጫ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ የሩቅ አገር ሾፌሮች ሰላምታቸውንም ወሬያቸውንም እያደር ወደ መብራት አዛወሩት።

ይሁን እንጂ መብራቱ በመጀመሪያ ለንግግር የሚመች አልነበረም። የቀድሞዎቹ መኪናዎች ፋኖስ በዘይት ወይም ከካርባይድ በሚወጣ ጋዝ የሚነድ ስለ ነበረ በእጅ ይለኰስ ነበር እንጂ በቅጽበት ብልጭ ድርግም ሊል አይችልም። በ1912 (ያለ መግለጫ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የአሜሪካው የካዲላክ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ማስነሻና የኤሌክትሪክ መብራት ያለው መኪና አቀረበ። በ1920ዎቹ አጋማሽም ሁለት ክር ያለው አምፑል ተሠርቶ ረጅሙንና አጭሩን መብራት በአንድ ማብሪያ መለዋወጥ ተቻለ።

የዚህ መሣሪያ ዓላማ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ከማሳወር ማዳን ነበር። ስለዚህ መብራትን ዝቅ ማድረግ የአዲሱ መንገድ የመጀመሪያ ትሕትና ሆነ። ባለበቅሎው ወርዶ ያሳይ የነበረውን አክብሮት ባለመኪናው ብርሃኑን በማውረድ ያሳየው ጀመር። ዝቅ ማድረጉን የዘነጋውንም ሰው ሌላው አንድ ጊዜ ብልጭ አድርጎ ያሳስበዋል። እንግዲህ ለዓይን ጥበቃ የተሠራው ማብሪያ እንደ አንደበት ማገልገል ጀመረ ማለት ነው።

አክብሮትና ወሬ በአንድ ምልክት ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ለማስተዋል፥ ከመብራቱ ቋንቋ በፊት በእንግሊዝ አገር በእጅ ሰላምታ የሆነውን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር በ1903 የወጣው የሞተር መኪና ሕግ የመኪናን ፍጥነት በሰዓት በ20 ማይል፥ ማለት በ32 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወሰነ። ፖሊሶች በመንገድ ዳር ተሸሽገው በሰዓት እየለኩ አጥፊዎችን ይይዙ ስለ ነበር፥ ባለመኪናዎች በ1905 አውቶሞቢል አሶሲዬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩም ሠራተኞች በቢስክሌት እየዞሩ ፖሊስ ያለበትን ስፍራ አስቀድመው ይነግሩ ነበር። በ1910 ግን ፍርድ ቤት ከተወሰነው ፍጥነት በላይ የሚነዳውን ሰው እንዲህ አድርጎ ማስጠንቀቅ የፖሊስን ሥራ ማሰናከል ነው ብሎ ፈረደ።

ማኅበሩም ብልሃት ፈለገ። ሠራተኞቹ የማኅበሩን ምልክት የያዘውን መኪና ሲያዩ እጃቸውን አንሥተው በወታደር ደንብ ሰላምታ የመስጠት ልማድ ነበራቸው። ከፍርዱ ወዲህ ለአባሎቹ የተነገረው ምክር፥ ሠራተኛው ሰላምታ ሳይሰጥ የቀረ እንደ ሆነ ቆማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት የሚል ነው። ስለዚህ ሰላምታው ሲሰጥ መንገዱ ደኅና ነው ማለት ሲሆን፥ ሲቀር ግን ተጠንቀቅ ማለት ሆነ። ሰውን ሰላምታ አልሰጠህም ብሎ መክሰስ ለማንም ዳኛ አስቸጋሪ ነው። የመኪናው የፍጥነት ወሰን በ1930 ሕግ ከተነሣ በኋላ እንኳ ሰላምታው እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቈይቷል። ምሥጢሩ አልፎ አክብሮቱ ቀረ ማለት ነው።

በመብራት የሚሰጠው ሰላምታ ደግሞ ይበልጡን ያደገው በጭነት መኪና ሾፌሮች መካከል ነው፤ ምክንያቱም ከሥራው ችግር የመጣ ነው። ተሳቢ ያለው ረጅም መኪና ሌላውን ደርቦ ሲያልፍ ሾፌሩ የተሳቢው ጫፍ ከኋለኛው መኪና መላቀቁን ከወንበሩ ሆኖ በትክክል ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ የታለፈው ሾፌር የፊት መብራቱን አንድ ጊዜ ብልጭ በማድረግ አልፈሃል፥ ግባ ይለዋል። ያለፈውም ወደ መሥመሩ ከገባ በኋላ ምስጋናውን ይመልሳል። የእንግሊዝ ሾፌር ግራና ቀኝ ፍሬቻውን በማፈራረቅ፥ የአሜሪካው ደግሞ በሌሊት የተሳቢውን መብራቶች አጥፍቶ በማብራት ያመሰግናል። በጃፓን አገር መንገድ የተለቀቀለት ሰው አራቱን ፍሬቻዎች በአንድነት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያበራል፤ ልማዱም ከጭነት መኪና ሾፌሮች ተነሥቶ ወደ ሌላው ሕዝብ የተዛመተ ነው። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ተዋውቀው የማያውቁ ሰዎች፥ ወደፊትም የማይተያዩ፥ በአንድ ብልጭታ ይረዳዳሉ።

ነገር ግን ምልክቱ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ልዩ ልዩ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው። በእንግሊዝ ብዙ ሾፌሮች ብልጭታን እለፍ፥ ለቅቄልሃለሁ በሚል ስሜት ሲጠቀሙበት፥ በሌሎች አገሮች ደግሞ እኔ እየመጣሁ ነውና ቈይ የሚል ይሆናል። በሜክሲኮ አውራ ጎዳና ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና የግራ ፍሬቻውን ሲያበራ ወደ ግራ ልታጠፍ ነው ማለት ወይም መንገዱ ባዶ ነውና እለፈኝ ማለት ሊሆን ይችላል። ከኋላ ያለው ሾፌር በዚህ ፍች የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚከፍለው ዋጋ ሕይወቱ ነው።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች የመብራትን ቋንቋ ለማጥበብ ሞከሩ። በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በሌሊት በክላክስ ፈንታ በብርሃን ማስጠንቀቅን ይፈቅዳል፤ በቀንም ደርቦ ለማለፍ የሚፈልግ ሰው እንዲጠቀምበት አይከለክልም። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ከዚህም ይጠብቃል። የፊት መብራት ብልጭታ መኖርን ለማሳወቅ ብቻ እንዲሆን፥ ሌላ መልእክትም እንዳይተላለፍበት፥ የሌላውንም ብልጭታ እለፍ ተባልሁ ብሎ ማንም እንዳይተረጕመው ያዝዛል። በአሜሪካ ግን ነገሩ በሌላ በኩል ተነሣ። በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በኤሊስቪል ከተማ አንድ ሾፌር ከፊት ፖሊስ መኖሩን በመብራት ስላስጠነቀቀ ተከሶ ነበር፤ በ2014 የፌዴራል ዳኛ ይህ ብልጭታ በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ ንግግር መሆኑን ተቀብሎ ከተማው እንዲህ ያለውን ሾፌር እንዳይዝ አገደ። በ1910 ማሰናከል የተባለው ሥራ ከ104 ዓመት በኋላ በሌላ አገር ነጻ ቃል ተባለ።

በኢትዮጵያ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው። የሾፌሮች ቋንቋ የመብራትን ታሪክ በስም ጠብቆ ይዟል። ፍሬቻ የሚለው ቃል በጣልያንኛ ፍላጻ ማለት ነው፤ በቀድሞ የአውሮፓ መኪናዎች ጐን ወደሚታጠፉበት በኩል ብቅ ይል የነበረውን የሚበራ ክንድ ያስታውሳል። ክንዱ ከመኪናው ጠፍቷል፥ ስሙ ግን በየዕለቱ ይነገራል። ክላክስም የአንድ ጡሩምባ የንግድ ስም ነበር። በአገሪቱ አውራ ጎዳና የሚመላለሱ ሾፌሮችም ከፊት ችግር እንዳለ በረጅም መብራት ብልጭታ ይነጋገራሉ፤ ይህም የባለበቅሎው ወሬ በአዲስ መልክ መኖሩን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፥ የመብራት የራሱ ቃል አለሁ የሚለው አንድ ቃል ብቻ መሆኑ ነው። እለፍ፥ ቈይ፥ ተጠንቀቅ፥ አመሰግናለሁ የሚሉት ሁሉ ሰዎች በስምምነት የጨመሩበት ናቸው። ባለበቅሎው የሰማው ቃል ባይገባው ቆሞ ምን አልኸኝ ብሎ ይጠይቅ ነበር። በመኪና መንገድ ግን ለመጠየቅ ጊዜ የለም። እንግዲህ ልማዱ መልካምነቱን ጠብቆ እንዲኖር፥ ምልክት ሰጪው በዓይኑ ያላረጋገጠውን መንገድ ለሌላው አይፍቀድ፤ ተቀባዩም ምስጋናውን ሳያጓድል መንገዱን ራሱ አይቶ ይለፍ።