ሁለት ዛፍ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አበው። ታሪክንና ግብርናን አጣምሬ መማር ስመኝ፣ የመመዝገቢያው ቅጽ የተወልኝ ቦታ ለአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ ነበር። በመጨረሻ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያዝኩ።

ባለፈው ክረምት አሜሪካ የምትማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዲግሪዬን ራሴ ልነድፍ ነው» ስትል ደወለችልኝ።

ነገሩ ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም። በፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ አይራ ማጋዚነርና ኤሊዮት ማክስዌል የተባሉ ተማሪዎች ሥርዓተ ትምህርቱን ከጓደኞቻቸው ጋር መርምረው እ.ኤ.አ. በ1968 ከ400 ገጽ በላይ ጥናት አቀረቡ። በ1969 መምህራኑ ተከራክረው ለሁሉም ግዴታ የነበሩትን የጋራ ትምህርቶች አስቀሩ። ዛሬም እዚያ ተማሪ የራሱን የጥናት መስክ ነድፎ ማመልከት ይችላል።

በሩ ግን ወለል ብሎ አልተከፈተም። አመልካቹ የሚያጠናውን ጥያቄ፣ የሚወስዳቸውን ትምህርቶችና የሚመራውን መምህር ገልጾ፣ ነባሮቹ ክፍሎች ለምን እንደማይበቁት ማስረዳት አለበት። ሁለቱ ዛፎች ከአንድ ሥር መብቀላቸውን አሳይ ነው ነገሩ።

«ሙዚቃንና የሕዝብ ጤናን ምን ያገናኛቸዋል?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ለቅሶ» አለችኝ፤ «ለሐዘንተኛ ሐዘኑን የሚያወጣለት ዜማው ነው።»

እኔን በጊዜው እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።