የጊዜ አሞሌ

ሰኞ ጠዋት ነው፤ የአንድ ግንባታ ሳምንታዊ ስብሰባ። ግድግዳው ላይ የፕሮጀክት ሶፍትዌር በርቷል፤ በግራ የሥራዎቹ ዝርዝር፣ በቀኝ ከቀናቱ ሥር የተጋደሙ ባለቀለም ሰረዞች። «የመሠረት ኮንክሪት» የተባለው ሰረዝ ዓርብ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። የዕቅድ መሐንዲሱ ማውሱን ጫፉ ላይ አሳርፎ ሁለት ሳምንት ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። ከሥሩ ያሉት ሰረዞች እንደ ባቡር ፉርጎ ተከታትለው ይንሸራተታሉ፤ የመዘግየቱ ቀይ ምልክት ይጠፋል፤ ሰብሳቢውም ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋል። ዓርብ ዕለት የሆነ ነገር ያለ አይመስልም።

ይህን ትዕይንት ሄንሪ ጋንት ቢያየው ይደነግጥ ነበር። ሰንጠረዡ እስከ ዛሬ «ጋንት ቻርት» እየተባለ የሚጠራው በዚህ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስም ነው፤ አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮች «ታይምላይን» ቢሉትም። ጋንት ግን ሰረዙን የሚያሰምረው በብዕር ቀለም ነበር፤ የቀለሙም ጥቅም የታለፈው ቀን እንደታለፈ እንዲቀር ነው።

የኮምፒውተር አማርኛ ተርጓሚዎች እንዲህ ላለው ሰረዝ ስም ሲፈልጉ «አሞሌ» የሚለውን አገኙ፤ ከአፋር ጨው ሜዳ ተጠርቦ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ የሚወጣው፣ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው የጨው ጡብ። ስሙን የሰጡት ለቅርጹ ይሆናል። የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው እንደሚወርድ ግን ገበያተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የስክሪኑን አሞሌ እንዲህ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው።

ጊዜን በተጋደመ መስመር የማሳየት ነገር ከፋብሪካ አልተጀመረም። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1765 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና መምህር፣ ኋላ በኦክስጅን ምርምሩ የታወቀው፣ የታሪክ ተማሪዎቹን ለመርዳት አንድ ትልቅ ገበታ አሳተመ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 ጀምሮ እስከ 1800 ባለው ዘመን ውስጥ ወደ 2,000 የሚሆኑ ታዋቂ ሰዎችን ደረደረ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፣ የመስመሩ ርዝመት የዕድሜው ልክ። መቼ እንደተወለዱ ወይም እንደሞቱ በርግጥ ያልታወቁትን ሰዎች ግን በድፍን መስመር አልዘጋቸውም፤ የማያውቀውን ጫፍ በነጠብጣብ አመለከተው። አንባቢው ድፍኑን ሲያይ ያምናል፤ ነጠብጣቡን ሲያይ ይጠራጠራል። ዛሬ በየቢሮው ስክሪን ላይ ካሉት ታይምላይኖች ስንቶቹ ነጠብጣብ አላቸው?

ከ21 ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር በንግድ አትላሱ ውስጥ ሰረዙን ለገንዘብ አዋለው። ስለ አገሩ ስለ ስኮትላንድ የገቢና የወጪ ንግድ የዓመታት ተከታታይ መረጃ አልነበረውምና በመስመር ግራፍ ማሳየት አልቻለም፤ አማራጭ ሲያጣ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሰረዞችን ሣለ። የዛሬው ባር ግራፍ የተወለደው በመረጃ እጦት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሥራ ቦታ ሰረዙን ያስገባው ፖላንዳዊ ነው። መሐንዲስ ካሮል አዳሚየትስኪ በ1896 ገደማ በዶምብሮቫ አካባቢ በብረት መዳመጫ ፋብሪካ ሲሠራ አንዱ ማሽን ሌላውን እየጠበቀ ጊዜ እንደሚባክን አየ። «ሃርሞኖግራም» ብሎ የሰየመው ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ የወረቀት ቁራጭ ነበረው፤ ቁራጩ በሰሌዳው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ አናቱ ላይ ደግሞ ከየትኛው ሥራ ቀጥሎ እንደሚመጣና የትኛው እንደሚከተለው ተጽፏል። ይህ ዛሬ ሶፍትዌሮች በቀስት የሚያሳዩት የሥራዎች ጥገኝነት ነው፤ የጋንት ሰንጠረዥ ራሱ አልነበረውም። አዳሚየትስኪ ግን የጻፈው በፖላንድኛና በሩሲያኛ ነበር። ሃርሞኖግራሙን በዝርዝር ያብራራበት ጽሑፍ የወጣው በ1931 ሲሆን በዚያን ጊዜ የጋንት ስም ዓለምን ዞሮ ጨርሶ ነበር። በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሐሳብ ምን እንደሚገጥመው ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። እንዲያም ሆኖ ፖላንዶች የሥራ መርሐ ግብርን ዛሬም «ሃርሞኖግራም» ነው የሚሉት።

ሄንሪ ላውረንስ ጋንት በ1861 በሜሪላንድ ግዛት፣ ባሪያ ከሚያሳድር የገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቤተሰቡን አደኸየ። እሱ ግን ተምሮ አስተማሪ፣ ቀጥሎም መካኒካል መሐንዲስ ሆነ፤ በ1887 በፊላደልፊያ ሚድቬል ብረት ፋብሪካ ገብቶ ከፍሬድሪክ ቴይለር ጋር ሠራ። ቴይለር የሠራተኛውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት የለካው፣ ሠራተኞችም አምርረው የጠሉት ሰው ነው። ጋንት ከአለቃው የሚለየው አንድ ጥያቄ በመጨመሩ ነው፦ ሥራው ሳይሠራ የቀረው ሠራተኛው ሰንፎ ነው ወይስ አለቃው ዕቃ ሳያቀርብለት ቀርቶ?

ሰንጠረዡ የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። የጋንት ረዳት የነበረው ዋላስ ክላርክ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ አሠራሩን ዘርዝሯል። ገጹ በቀናት ወይም በሳምንታት ይከፈላል። ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን በማዕዘን ምልክት ይያዛል፤ ይህ የተገባው ቃል ነው። በየቀኑ የተሠራው ደግሞ በቀጭን መስመር ይሰመራል፦ ሙሉ የቀኑ ሥራ ከተሠራ መስመሩ የቀኑን ክፍል ይሞላል፤ ግማሹ ከተሠራ ግማሽ ላይ ያቆማል። ከሥሩ አንድ ወፍራም መስመር እስካሁን የተሠራውን ሁሉ ደምሮ ይጓዛል። ከላይ የዛሬዋን ቀን የምታሳይ ምልክት አለች። ወፍራሙ መስመር ከዚያች ምልክት ወደ ኋላ ከቀረ ሥራው ዘግይቷል፤ ስንት ቀን እንደዘገየም ማንበብ የቻለ ሁሉ በዓይኑ ይለካዋል።

ለሠራተኞችና ለማሽኖች በተዘጋጁት ገጾች ላይ ደግሞ ባዶ የቀረ ቦታ በዝምታ አይታለፍም። ምክንያቱ በአንዲት ፊደል ይጻፋል፦ ሠራተኛው ቀርቷል፣ ለሥራው አዲስ ነው፣ መመሪያ አልተሰጠውም፣ ጥሬ ዕቃ የለም፣ ማሽኑ ጥገና ላይ ነው፣ መሣሪያ ጠፍቷል። ከእነዚህ ፊደሎች አብዛኞቹ የሚጠቁሙት ወደ ታች ወደ ሠራተኛው ሳይሆን ወደ ላይ ወደ ቢሮው ነው። የሰንጠረዡ አብዮት፣ አብዮት ከተባለ፣ እዚህ ላይ ነው። ጋንት በመጨረሻ ዓመታቱ ኢንዱስትሪውን መምራት ያለባቸው ባለገንዘቦች ሳይሆኑ ሥራውን የሚያውቁ ናቸው እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የጦር መሣሪያ መምሪያው ሹም ጄኔራል ዊሊያም ክሮዚየር ጋንትን ጠራው። ገንዘብ ተመድቧል፣ ትእዛዝ ተሰጥቷል፤ ስንት ጠመንጃ በስንት ቀን እንደሚደርስ ግን በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳይ ሰነድ አልነበረም። ሰንጠረዡ ከዚያ ወደ መርከብ ግንባታና ጉዞ ቁጥጥር ተሻገረ። ጋንት ጦርነቱ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1919 ሞተ። የክላርክ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ስሙን አዳረሰው። የሥራ ባልደረባው የነበረው፣ በትውልዱ ሩሲያዊ የሆነው ዋልተር ፖላኮቭም በመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ወቅት ሰንጠረዡን ይዞ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። የካፒታሊስት ፋብሪካ ልጅ የነበረው ወረቀት በሞስኮም ሥራ አላጣም።

የሚቀጥለው ለውጥ ከኮምፒውተር ጋር መጣ። በ1957 የዱፖንት ኩባንያው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያው ጄምስ ኬሊ፣ ከብዙ ሥራዎች መካከል አንዲት ቀን ቢዘገዩ ፕሮጀክቱን በሙሉ የሚያዘገዩትን ለይቶ የሚያወጣ ስሌት በዩኒቫክ ኮምፒውተር ላይ ሠሩ፤ መሐንዲሶቻችን «ክሪቲካል ፓዝ» የሚሉት እሱን ነው። ዱፖንት በሉዊቪል ፋብሪካው ለጥገና ሲዘጋ ይፈጅበት የነበረውን 125 ሰዓት በዚህ ስሌት ወደ 93 አወረደው።

በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሰርጓጅ መርከብ የሚተኮሰውን ፖላሪስ ሚሳይል ሲያሠራ «ፐርት» የተባለውን ዘዴ አወጣ። ፐርት የፕሪስትሊን ነጠብጣብ በአዲስ መልክ መለሰው ማለት ይቻላል። ለአንድ ሥራ አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ግምት ይጠየቃል፦ ሁሉ ቢሳካ፣ እንደ ወትሮው ቢሆን፣ ሁሉ ቢበላሽ። መካከለኛው በአራት ይባዛል፤ ሁለቱ ዳርቻዎች ይደመሩበታል፤ ድምሩ ለስድስት ይካፈላል። 4፣ 6 እና 14 ቀን የተገመተ ሥራ 7 ቀን ይሆናል። ሚሳይሉ በሐምሌ 1960 ከውኃ በታች ተተኮሰ፤ ዝናውንም ፐርት ወሰደ። ምሁሩ ሃርቪ ሳፖልስኪ በ1972 ባሳተመው ጥናት ግን ያማሩት ሰንጠረዦች ሥራውን ከመምራት ይልቅ የውጭ ተቆጣጣሪዎችን ከደጅ ለመመለስ ጠቅመዋል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ባማረ ሪፖርት እንግዳ መሸኘት የአንድ አገር ጥበብ ብቻ አይደለም።

ከ1980ዎቹ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1983 የፕሮጀክት ሶፍትዌሩ ፕሪማቬራ፣ በ1984 በዶስ የሚሠራው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት፣ በ1990 የዊንዶውሱ እትም ወጡ። አሞሌው በማውስ የሚያዝ ሆነ። በቀለም የተሰመረ መስመር ሲሳሳት ይፋቃል፤ የተፋቀውም ቦታ አሻራ ይተዋል። የስክሪኑ አሞሌ ግን ሲንሸራተት አሻራ የለውም። የፐርት ሦስቱ ግምቶችም ለብዙው ተጠቃሚ ቀሩ፤ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው አንድ መነሻና አንድ መድረሻ ነው፣ የሚሰጠውም ድፍን ሰረዝ ነው።

መድኃኒቱ እዚያው ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ፤ «ቤዝላይን» ይባላል። የመጀመሪያው ዕቅድ ፎቶ እንደማንሳት ነው፤ ከዚያ በኋላ አሞሌው የቱንም ያህል ቢጎተት የቀድሞው ቦታ በግራጫ ሰረዝ ከሥሩ ይቀራል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት 11 ቤዝላይን ድረስ ያስቀምጣል። ግን በራሱ አያስቀምጥም፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ማዘዝ አለበት። ጋንት ግዴታ ያደረገውን ሶፍትዌሩ ምርጫ አደረገው።

የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ራሳቸው አንድ ሰሞን ሰንጠረዡን ሊቀብሩት ነበር። በ2001 በዩታ ተራሮች በስኖውበርድ የተሰበሰቡ 17 ሰዎች ዕቅድን ከመከተል ይልቅ ለለውጥ ምላሽ መስጠት ይበልጣል ሲሉ አወጁ። በ2011 የመጣው ትሬሎ የተባለው የሥራ መከታተያ ሥራን በቀን ሳይሆን በካርድ ደረደረ። ደንበኛ ግን «መቼ ያልቃል?» ማለቱን አልተወም። ሌላው መከታተያ አሳና በ2018፣ ትሬሎ ራሱም በ2021 ታይምላይን ጨመሩ። ሰረዙ ክብ ጫፍና ደማቅ ቀለም ለብሶ ተመለሰ፤ ትዝታውን ግን ብዙም አልያዘም።

በኢትዮጵያ ትላልቅ ግንባታዎች ፕሪማቬራና ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የዕቅድ ክፍል የዕለት እንጀራ ናቸው። ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ ውል፣ በ1999ኙ እትም፣ ተቋራጩ የሥራ ማስጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር መርሐ ግብር ማቅረብ አለበት፤ ሥራው ከመርሐ ግብሩ ጋር ካልሄደም ክለሳ ያቀርባል። የካሳና የተጨማሪ ጊዜ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈለገው የመጀመሪያው መርሐ ግብር ነው። ቤዝላይኑን ያላስቀመጠ ተቋራጭ በዚያን ቀን ይቆጨዋል። የጊዜ መለኪያውም ሌላ ጣጣ አለው፦ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የሶፍትዌሩ ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሄዳሉ፣ መሐንዲሱም በሁለቱ መካከል ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል።

የአገሪቱ ትልቁ አሞሌ የዓባይ ግድብ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲቀመጥ የተነገረው ጊዜ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ቀኑ ደጋግሞ ተገፋ። ቦንድ የገዛው ሕዝብ ግን ቤዝላይኑን በቃሉ ይዞ ስለነበር በየዓመቱ መጋቢት በመጣ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ያነሳ ነበር። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በሶፍትዌሩ የቀን መቁጠሪያ ላይ በሌለ ወር።