የድሬዳዋ ዛፍ፤ አመጣጡና አያያዙ

ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል አማርኛ ስም ሲወጣለት የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ መቅረቱ የተለመደ ነው። የትውልድ ሀገሩ አውስትራሊያ የሆነውና በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ተክል «ባሕር ዛፍ» መባሉ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንደዚሁ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አንድ ሌላ ዛፍ ግን የተሻገረው ባሕር ተረስቶ በተቀበለችው ከተማ ስም ይጠራል። እርሱም በሙቀቱ ወራት ከአናቱ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ በቀይ አበባ የሚሸፈነው የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚያስረዳው ይህ ዛፍ የከተማና የጎዳና ዛፍ ነው። በመሆኑም የዛፉ ጉዳይ ለዕፀዋት ሊቃውንት ብቻ የሚተው ሳይሆን ቀያሹንና መሐንዲሱንም የሚመለከት ነው።

የድሬዳዋ ዛፍ የአተርና የባቄላ ወገን ነው። ይህን ለማመን የሚያዳግተው ሰው ቢኖር ፍሬውን ቢመለከት ይበቃዋል። ፍሬው እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሲደርቅ ጠቁሮ እንደ እንጨት የሚጠነክርና የጎራዴ አፎት የሚመስል ሲሆን፣ በውስጡ ዘሮቹ እንደ ባቄላ በተርታ ተደርድረው ይገኛሉ። ቅጠሉ እንደ ወፍ ላባ የተሰነጣጠቀ በመሆኑ ጥላው ጨለማ የሌለበትና ነፋስ የሚያሳልፍ ነው። አበባው አምስት ቅጠሎች አሉት፤ አራቱ ደማቅ ቀይ ናቸው፤ አምስተኛው ግን ከፍ ብሎ የቆመና በነጭና በቢጫ የተዥጎረጎረ ነው። ዛፉ በቁመቱ ከ10 እስከ 15 ሜትር ያህል ቢደርስም ቅርንጫፎቹን እንደ ጃንጥላ ስለሚዘረጋ ብዙ ጊዜ የጥላው ስፋት ከቁመቱ ይበልጣል።

የዛፉ የትውልድ ሀገር ማዳጋስካር ነው። ለዓለም የዕፀዋት ሳይንስ ያስተዋወቀው የቦሔሚያ ተወላጅ የነበረውና አብዛኛውን ዕድሜውን በሞሪሸስ ደሴት ያሳለፈው ቬንትሴስላስ ቦየር ነው። ቦየር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ዛፉን በማዳጋስካር አግኝቶ ወደ ሞሪሸስ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1829 እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ሁከር መግለጫውን ከሥዕል ጋር ባሳተመ ጊዜ ዛፉ «ፖይንሲያና ሬጂያ» የሚል ስም ይዞ ወጣ። «ፖይንሲያና» የተባለው በ17ኛው ምዕተ ዓመት በካሪቢያን ባሕር የቅዱስ ክሪስቶፈር ደሴት ገዥ ለነበረው ፈረንሳዊ ለደ ፖይንሲ መታሰቢያ ሲሆን፣ «ሬጂያ» ደግሞ በላቲን «ንጉሣዊት» ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ራፊኔስክ የተባለው ሊቅ «ዴሎኒክስ» የሚለውን የወገን ስም አወጣ። ይህም በግሪክኛ «ጥፍሯ የሚታይ» እንደ ማለት ሲሆን፣ የአበባው ቅጠሎች ወደ ሥራቸው እየቀጠኑ እንደ ጥፍር መርዘማቸውን የሚያመለክት ነው።

ከሞሪሸስ ወዲህ ዛፉ በመርከብ ዓለምን ዞረ። ሕንዶች ጉልሞሃር ይሉታል፤ በቬትናም የሃይፎንግ ወደብ ከተማ በዚሁ ቀይ አበባ የታወቀች ናት። ደ ፖይንሲ ይገዛት የነበረችው ደሴት የምትገኝበት የቅዱስ ኪትስና ኔቪስ መንግሥትም ይህንኑ አበባ ብሔራዊ አበባው አድርጎታል። አስደናቂው ነገር ግን የዓለም አትክልት ቦታዎችና ጎዳናዎች በዚህ ዛፍ በተሞሉበት ዘመን፣ በትውልድ ሀገሩ በዱር የበቀለበትን ሥፍራ የሚያውቅ የዕፀዋት ተመራማሪ አለመኖሩ ነው። ሊቃውንቱ የሚያውቁት በሰው እጅ የተተከለውን ብቻ ነበር። በማዳጋስካር ምዕራባዊ ክፍል በደረቁ የኖራ ድንጋይ ደን ውስጥ በተፈጥሮ በቅሎ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ያም ደን ለከሰልና ለእርሻ እየተመነጠረ ተመናምኗል። ስለዚህ የዚህ ዛፍ ህልውና በአብዛኛው የተመሠረተው በሚተክለውና በሚንከባከበው ሰው ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛፉ ለኢትዮጵያ ምድር ፍጹም ባዕድ አይደለም። የዴሎኒክስ ወገኖች በጠቅላላው አሥር ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ከማዳጋስካር ውጭ አይገኙም። ከአፍሪካ ምድር ከሚበቅሉት ጥቂቶች አንዱ ዴሎኒክስ ኤላታ የተባለው ነው። ይህ የድሬዳዋ ዛፍ ወንድም በኢትዮጵያ ሞቃት ቆላዎች በተፈጥሮ ይበቅላል፤ አበባው ነጭ ሆኖ ይፈነዳና ሲሰነብት ወደ ቢጫነት ይለወጣል። እንግዳው ቀይ አበባ በቆላው ተመችቶት መገኘቱ ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚያስደንቅ አይሆንም።

እንግዳውን በስሟ ያስጠራችው ከተማ ራሷ የምሕንድስና ውሳኔ ውጤት ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ለመዘርጋት ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዕቅድ ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ሜዳው 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ በመሆኗ፣ በመካከል ያለውን ተራራ በባቡር መውጣት እጅግ አዳጋችና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ በኋላም ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸናላት። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ ወዲህ በ1909 ዓ.ም. ነው።

የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን ገበያዋና ጠመዝማዛ መንገዶቿ ያሉባት መጋላ ትገኛለች፤ በሌላው ወገን በባቡር ጣቢያው አጠገብ በቀጥታ መስመር ተቀይሳ የተሠራችው ከዚራ አለች። ከዚራ የታወቀችው በሕንፃዎቿ ብቻ ሳይሆን በመንገዶቿ ግራና ቀኝ በተተከሉት የጥላ ዛፎችም ነው። ባቡሩ ብዙ ቃላት ለአማርኛ አውርሷል፤ «ለገሃር» የሚለው ቃል ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መወለዱን ሁሉም ያውቃል። «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ስም ግን በተቃራኒው ተጉዞ፣ በሌላ ከተማና በሌላ ክፍለ ሀገር የበቀለውን ሁሉ በድሬዳዋ ስም እንዲጠራ አድርጓል። የጥላ ከተማነቷ ዝና በዚህ ስም ተመስክሮላታል።

የጥላን ዋጋ የሚያውቀው የቆላ ሰው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው አስፋልት ሙቀቱን አምቆ እስከ ማታ ሲተፋ ይውላል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው መንገድ ግን የፀሐዩን ጨረር ስለማይቀበል አይግልም። ከዚህም በላይ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ አየሩን ያቀዘቅዛል። እግረኛ፣ ተሸካሚ፣ ቸርቻሪና ሕፃን በቀን እንዲንቀሳቀሱ የሚያስችለው ይኸው ነው። በመሆኑም በሞቃት ከተማ ጥላ እንደ ጌጥ ሊቆጠር አይገባውም፤ እንደ ውሃ መስመርና እንደ ፍሳሽ ቦይ ሁሉ የመንገዱ አንድ አካል ነው። ይህም ሲባል ዛፉ ለሁሉም ሥፍራ ይስማማል ማለት አይደለም። ውርጭ ፈጽሞ አይችልም፤ ብርድ የበዛበት ደጋም አይመቸውም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት አዲስ አበባ በየመንገዱ ጃካራንዳን ስታሳምር፣ ቀዩ ዛፍ በቆላና በሞቃት ወይና ደጋ ከተሞች የሚደምቀው ለዚህ ነው።

ዛፉን ማፍላት ቀላል ነው፤ ሆኖም አንድ እንቅፋት አለበት። ዘሩ እጅግ ጠንካራ ልባስ ስላለው እንዲሁ ቢዘራ ውሃ ሳይገባው ለብዙ ጊዜ ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዘሩን በሞቀ ውሃ ውስጥ ጨምሮ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፣ ወይም ጽንሱን ሳይነኩ ልባሱን በሞረድ ጥቂት መፋቅ ያስፈልጋል። በውሃው ያበጠው ዘር ለመዝራት ደርሷል፤ ያላበጠው ደግሞ እንደገና ይዘፈዘፋል። በችግኝ ጣቢያ በላስቲክ የተዘራው ችግኝ ፈጥኖ ያድጋል። በላስቲኩ ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ ችግኝ ግን ሥሩ ስለሚጠመዘዝ ከተተከለ በኋላ አይጸናም። የክረምቱ ዝናም ሲጀምር መትከል፣ ከዚያም በሚቀጥሉት ሁለት ወይም ሦስት በጋዎች ውሃ ማጠጣትና ከፍየል መከለል ይገባል። ከጸና በኋላ ድርቅን በሚገባ ይቋቋማል፤ በበጋ ቅጠሉን ማርገፉም ውሃ የሚቆጥብበት ዘዴ እንጂ የመድረቅ ምልክት አይደለም። ከዘር የበቀለው ዛፍ ለማበብ ብዙ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ «መካን ነው» ብሎ ለመቁረጥ መቸኮል ስሕተት ነው።

ከመሐንዲሱ ጋር የሚያጋጨው የዛፉ ሥር ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩን ወደ ጥልቀት ከመስደድ ይልቅ ከመሬቱ ገጽ ብዙ ሳይርቅ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ሲያረጅም የግንዱ ግርጌ እንደ ግድግዳ ድጋፍ ይወጣጣል። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አፈሩ በሮለር ተጠቅጥቆ እስከ ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ሲታሸግ፣ ሥሩ እርጥበትና አየር ወዳለበት ወደ ንጣፉ ሥር ይሄዳል፤ በወፈረም ጊዜ የእግረኛውን መንገድ ያነሣል፣ የጠርዙን ድንጋይ ይገፋል፣ የተሰነጠቀ ቧንቧም ካገኘ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ ዛፉ ይከሰሳል፤ ፍርዱም መጥረቢያ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ሰው ጥፋቱ የዛፉ አይደለም፤ የዛፉን ሥር በሥዕሉ ላይ ሳያሰፍር መንገዱን የነደፈው ባለሙያ ነው ተጠያቂው።

መፍትሔው አስቀድሞ ማቀድ ነው። ዛፉን ከቤት መሠረትና ከዋና የውሃ መስመር 10 ሜትር ያህል ማራቅ ይመረጣል። ይህን ያህል ቦታ በሌለበት ጠባብ መንገድ ሌላ የዛፍ ዓይነት መምረጥ እንጂ ይህን ተክሎ በኋላ መክሰስ አይገባም። በሰፊ ጎዳና፣ በአደባባይና በትምህርት ቤት ግቢ ግን በግንዱ ዙሪያ ያልታሸገና ያልተጠቀጠቀ ሰፊ አፈር መተው፣ ከመንገዱ የሚወርደውንም የዝናም ውሃ ወደዚያው ማዞር ይቻላል። በዚህ አኳኋን አንዱ ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ዛፉ ይጠጣል፤ የቦዩም ጭነት ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመግረዝ ሥራ ነው። የዛፉ እንጨት ተሰባሪ በመሆኑ ከባድ ቅርንጫፍ በነፋስ ይገነጠላል። መድኃኒቱ ዛፉ በልጅነቱ ሳለ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ይዞ ከሰው ራስ በላይ እስኪወጣ ድረስ መግራት፣ ከዚያም በኋላ የማንኛውም ቅርንጫፍ ውፍረት ከግንዱ ውፍረት ግማሽ እንዳያልፍ መቆጣጠር ነው። ካረጀ በኋላ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነካ ተብሎ አናቱን መጎመድ ግን ከመከላከል ይልቅ አደጋን ይጋብዛል። ምክንያቱም ከቁርጡ የሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች አያያዛቸው ደካማ ነው፤ ቁስሉም ለብስባሴ በር ይከፍታል።

ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው የባቡር መስመር ዘመኑን ፈጽሞ፣ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ተመርቋል። ሐዲድ ይነሣል፣ ባቡር ይለወጣል፣ ጣቢያም ከከተማ ወጥቶ ሌላ ሥፍራ ይሠራል። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ሊተኩ የሚችሉ ናቸው። የአንድ ሙሉ ዛፍ ጥላ ግን በገንዘብ ተገዝቶ በአንድ ዓመት አይተከልም፤ መንገድ ለማስፋት በግማሽ ቀን የተገነደሰውን ለመተካት የብዙ ዓመታት ዕድሜ ይጠይቃል። ስለሆነም የመንገድ ሥራ ዋጋ በሚተመንበት ጊዜ የሚቆረጠው ዛፍ እንደ ማንኛውም የሚፈርስ ንብረት ተቆጥሮ በሒሳቡ ውስጥ መግባት፣ የሚተርፈውም በሥዕሉ ላይ በግልጽ መሥፈር አለበት። በማዳጋስካር ደን የተመናመነው ይህ ዛፍ በድሬዳዋ ስም የሚጠራው ሰው ተክሎ ስላጠጣው ነው። ስሙ የክብር ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው፣ ጎዳና ሲነድፍ የጥላውንና የሥሩን ስፍራ ቀድሞ የሚያሰምር መሐንዲስ ነው።