የሆድ ከፍታ

መኪና ደልዳላ ቦታ ላይ ሲቆም፣ ከጎማዎቹ ሌላ ለመሬት በጣም የሚቀርበው ክፍሉ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል? ይህ ልክ በአምራቾቹ ሰነድ ውስጥ ግራውንድ ክሊራንስ ይባላል። እኔ «የሆድ ከፍታ» ብዬዋለሁ። ቃል በቃል «የመሬት ክፍተት» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የተሰነጠቀ መሬት ነው። ሾፌር ግን ድንጋይ ከስር ሲነካው «ሆዱን መታው» ይላል፤ ጭቃ ላይ ሲቀር «በሆዱ ተኛ» ይላል። የዘይት ኮፓው፣ ካምቢዮው፣ ማርሚታው፣ ዲፈረንሻሉ ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አሉ። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ከጣሊያንኛ መጥተው የጋራዡ አማርኛ ከሆኑ ቆይተዋል፤ እነሱን የሚነካ የለም። የሆድ ከፍታ ግን ከመደርደሪያ የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን የሚለካና የሚሰላ ነገር ስለሆነ፣ ባለቤቱም መካኒኩም እኩል የሚረዱት የአማርኛ ስም ያስፈልገዋል። በተለይ መኪናውን «ሞዲፋይ» ለማድረግ ገንዘብ ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው ይህን ልክ ሳያውቅ የሚከፍለው ብዙ ነው።

ጉዳዩ በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ላይ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ይታያል። ከአዲስ አበባ በጫንጮና በሙከጡሪ አልፎ ለሚ የደረሰ መኪና ከደጋው ጫፍ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ወደሚያልፈው ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ቀበሌዎቹ፣ ወደ ሚዳ ወረሞ ወይም ወደ ወንጪት ሸለቆ የሚገነጠል ሰው ግን የሚያገኘው ፒስታና ጥርጊያ ነው። በክረምት ጭነት የያዘ አይሱዙ መረሬውን አርሶት ያልፋል። በጥቅምት ፀሐይ ያ ጭቃ ይደርቅና ሁለት ጥልቅ የጎማ ቦይ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጉብታ ይተዋል። የአይሱዙው ሆድ ከፍ ያለ ስለሆነ ያን ጉብታ አያውቀውም። ተከትሎት የሚመጣው የቤት መኪና ሁለቱም ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ ይገቡና ሆዱ ጉብታው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ አራቱም ጎማ ቢዞር ጥቅም የለውም፣ ክብደቱን የተሸከመው ሆዱ ነውና። ልምድ ያለው ሾፌር አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን ከቦዩ ውጪ ዳር ላይ አድርጎ ይነዳል። ድንጋይም ሲያጋጥመው በሁለቱ ጎማዎች መሃል ሊያሳልፈው አይሞክርም፤ ጎማውን ያወጣበታል። ይህ ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ የሆድ ከፍታ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ቶዮታ ፕራዶ 150 ወደ 220 ሚሊሜትር፣ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ወደ 200፣ ብዙው ራቭፎር ደግሞ 190 ገደማ የሆድ ከፍታ አላቸው። ልዩነቱ በሚሊሜትር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ ባዶ መኪና ላይ የተለካ ነው፤ ሰውና ኩንታል ሲጫን ምን እንደሚሆን አይናገርም። እዚህ ላይ የመኪናው አሠራር ወሳኝ ይሆናል። ፕራዶ ከኋላ አንድ ወጥ አክስል አለው፤ ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉም በቀጥታ ጎማዎቹ ላይ ነው። አምስት ኩንታል ጤፍ ብትጭንበት ሞላው ይጨመቃል፣ ቦዲው ዝቅ ይላል፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከመሬት የሚርቅበት ልክ አይለወጥም። ራቭፎርና ሁለተኛው ትውልድ ግራንድ ቪታራ አራቱም ጎማዎቻቸው ለየብቻ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ዲፈረንሻሉ ከቦዲው ጋር ታስሮ ስለሚኖር፣ ጭነት ሲጨመር እሱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሜትር ይዞ ከመኪናው ስር የሚገባ ሰው ሁለት ጊዜ ይለካ፦ ባዶውን አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ የሚጭነውን ጭኖ ደግሞ ሌላ ጊዜ። የጎማው ንፋስም ልክ መሆን አለበት።

የሆድ ከፍታ ብቻውን ሙሉ ነገር አይናገርም፤ ሦስት ማዕዘኖች አብረውት ይሄዳሉ። መኪናው ወደ ቀጥ ያለ ዳገት ፊቱን ሲያዞር ፓራውርቱ ሳይነካ የሚገባበት «የአፍንጫ ማዕዘን» ነው። ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲሻገር መሃሉ የማይነካበት «የሆድ ማዕዘን»፣ ከጉድጓድ ሲወጣ ኋላው የማይጎተትበት «የጅራት ማዕዘን» ነው። ለፕራዶ 150 የሚሰጠው ልክ በቅደም ተከተል 32፣ 22 እና 25 ዲግሪ ነው። ትንሿ ሱዙኪ ጂምኒ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣችው፣ የሆድ ከፍታዋ 210 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ማዕዘኖቿ 37፣ 28 እና 49 ናቸው። ፕራዶ በቁመት ቢበልጣትም ጂምኒ የምታልፍበት ቦታ ላይ የሚቀረው አጭር ስላልሆነ ነው።

ሆዱን ለማንሳት ጋራዥ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ሊፍት ነው፦ ረጅም ሞላ፣ ረጅም ሾክ አብዞርበር፣ ወይም በርካሹ ሞላው ላይ የሚቀመጥ ስፔሰር። ባሌስትራ ላላቸው ደግሞ አንድ ቅጠል ይጨመራል። ሃምሳ ሚሊሜትር ሊፍት የተሠራለት ፕራዶ በርግጥ ቁመቱ ያስታውቃል፤ ማዕዘኖቹም ይሻሻላሉ። ግን ከኋላ ዲፈረንሻሉ ስር ሜትር ብታስገባ ልኩ ያው የበፊቱ ነው። ሞላው ያነሳው ቦዲውን እንጂ አክስሉን አይደለም። ከፊት ዲፈረንሻሉ ከሻሲው ጋር ስለታሰረ ይነሳል፤ ሆኖም ወደ ጎማው የሚሄዱት ዘንጎች ይዘቀዘቃሉ፣ ላስቲካቸው ቶሎ ይቀደዳል፣ ከዚያም አቧራና ጭቃ ገብቶ መገጣጠሚያውን ይበላዋል። ለዚህ ነው ከሃምሳ ሚሊሜትር በላይ ማንሳት ለመርሐቤቴ መንገድ አይመከርም የምለው። በጠባብ ጥርጊያ ላይ አንድ ጎኑን ወደ ገደል አዘንብሎ የሚሄድ መኪና ደግሞ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ባለ መጠን ለመገልበጥ ይቀርባል።

አክስሉን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ፕራዶ 150 ከፋብሪካ የሚመጣበት 265/65 አር17 ጎማ ከዳር እስከ ዳር 776 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወደ 265/70 ሲቀየር 803 ይሆናል፤ ግማሹ፣ ማለትም 13 ሚሊሜትር፣ ወደ ሆድ ከፍታ ይገባል። ወደ 285/70 ቢዘለል ከዳር እስከ ዳር 831 ይሆንና 27 ሚሊሜትር ይገኛል። ሠላሳ ሚሊሜትር ለማይሞላ ትርፍ የሚከፈለውን እንይ። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት በ7 በመቶ ያድጋል፣ በዚያው ልክ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል ይቀንሳል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100 ሲያሳይ መኪናው በ107 እየሄደ ነው። ጎማው ከባድ ስለሆነም ለማስነሳትም ለማቆምም ይበልጥ ያስቸግራል። ሞተር «ደከመ» ተብሎ ጋራዥ የሚመጣ ብዙ መኪና በሽታው ያለው ጎማው ላይ ነው።

ሞተሩ ራሱ ደግሞ ከደጋው አየር ጋር የራሱ ሒሳብ አለው። በዓለም ከተማ ልክ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ጥግግት 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው በመሐል ሜዳ ከተማ ወደ 74 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሰዋል። 163 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው የፕራዶ 2.7 ቤንዚን ሞተር ዓለም ከተማ ሲደርስ የሚሰጠው 130 ያህሉን ነው። በዚያ ላይ 285 ጎማ ከተገጠመበት፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኃይል በፋብሪካው ጎማ በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። መሐል ሜዳ ላይ ጉድለቱ ሲሶ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

በዚህ ጊዜ የሚቀርቡት መፍትሔዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም በጥንቃቄ ነው የማያቸው። አንዱ የድሮ ናፍጣ ሞተር ላይ «ፖምፓውን መክፈት» ነው፤ ዊንጩን ትንሽ አዙሮ ናፍጣ መጨመር። ሞተሩ የጎደለው ግን አየር ነው፣ ናፍጣ አይደለም። የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር ስለማያገኝ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ፒስቶኑና ቫልቩም ከልክ በላይ ይግላሉ። ከጀማ እስከ ዓለም ከተማ ባለው ረጅም ዳገት ላይ ጭስ የሚተፋ ፒካፕ ሲታይ ጉልበተኛ ይመስላል፤ የሚያቃጥለው ግን የባለቤቱን ገንዘብና የራሱን ዕድሜ ነው።

ሁለተኛው የቱርቦ ሞተር ኮምፒውተርን እንደገና መጻፍ፣ በተለምዶ «ቺፕ ማድረግ» የሚባለው ነው። ቱርቦ የደጋውን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ነገር ግን በነጻ አይሞላም። በባሕር ጠለል ላይ አየሩን እጥፍ አጭቆ የሚሰጥ ቱርቦ፣ ዓለም ከተማ ላይ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያንኑ ግፊት ለመስጠት 2.6 እጥፍ ማጨቅ አለበት። ስለዚህ ከቆላው ይበልጥ ፈጥኖ ይሽከረከራል። ዱባይ ወይም አውሮፓ ውስጥ በባሕር ጠለል ላይ የተሞከረ ፕሮግራም ይህን ትርፍ ፍጥነት አላሰበውም፤ ከላዩ ላይ ሌላ ግፊት ሲጨምርበት ቱርቦው የሚሰበርበትን ቀን ያቀርበዋል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው መኪናው የት እንደሚኖር ካልጠየቀ፣ ሥራውን ባይሠራው ይሻላል።

ጎማው አድጎ ጉልበት የጎደለበት መኪና ትክክለኛው መፍትሔ ማርሹን መልሶ ማሳጠር ነው፦ ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉትን ኮሮናና ፒኞን በቁጥር ከፍ ባለ ጥምርታ መለወጥ። ውድ ነው፣ ዕቃውም በቀላሉ አይገኝም። ፎር ሎው ያለው መኪና ግን ለአስቸጋሪው ቦታ የሚበቃ መልስ ከፋብሪካ ይዞ መጥቷል፤ ማርሹን አስገብቶ በዝግታ መውጣት። ስለዚህ እኔ የምመርጠው 265/70 ላይ መቆም ነው። ጥርሱ ጠንከር ያለ፣ ጎኑ ወፍራም የሆነ ኦል ቴሬን ጎማ፣ ከስር ደግሞ ኮፓውንና ካምቢዮውን የሚከልል ወፍራም ላሜራ ይጨመር። ድንጋያማ ቦታ ላይ ንፋሱን ከ35 ወደ 22 ወይም 25 ፒኤስአይ ማውረድ፣ ወደ ጥሩ መንገድ ሲመለሱ በትንሽ ኮምፕሬሰር መሙላት። ጎሚስታ በሌለበት ቀበሌ ኮምፕሬሰሩ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

አንድ በጣም ርካሽ ዕቃ ደግሞ አለ፣ ማንም «ሞዲፊኬሽን» የማይለው፦ የራዲያተር ክዳን። በዓለም ከተማ ከፍታ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽሮና ባቄላ እዚያ ከቆላው ይልቅ ጊዜ የሚወስዱትም ለዚህ ነው። የሞተር ውሃ በደህናው ቀን እንኳ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፤ ዳገት ላይ ያልፋል። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ ነው። ከአንድ ባር በጥቂት የሚበልጥ ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍላቱን ልክ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፤ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ውሃው ዳገቱ መሃል ላይ ይንተከተካል። ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ስለ ቱርቦና ስለ ቺፕ ከማሰብ በፊት ክዳኑ፣ የራዲያተሩ ጥራት፣ የአየር ፊልትሮውና የናፍጣ ፊልትሮው መታየት አለባቸው። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ደጋው ከወሰደው አየር ላይ ሌላ ይወስዳል። ስኖርክልም ጉልበት አይጨምርም፤ ጥቅሙ አየሩን ከአቧራውና ከወንዙ በላይ ካለው መሳቡ ነው፣ ያ ግን በቂ ጥቅም ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዛሬ ሌላ ምክንያትም አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። ዛሬ መርሐቤቴ ውስጥ ያለ ፕራዶ ወይም ቪታራ ከተበላሸ መተካቱ ቀላል አይደለም። ሞተር እስከ መቀየር የሚሄድ ሰው ደግሞ የሞተሩና የሻሲው ቁጥር ሊብሬው ላይ መስፈሩን ያስታውስ፤ ወረቀቱ ካልታረመ ለቦሎ ሲቀርብ ችግር ይገጥመዋል።

ሊፍት የተሠራለት መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው። አላይመንቱ እንደገና ይሠራ። የፊት መብራቱ ቦዲው ከፍ ስላለ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ስለሚወጋ ዝቅ ይደረግ። ከሁሉም በላይ ግን ከቦዲው ወደ ጎማው የሚሄደው የፍሬን ቱቦ፦ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማው ወደታች እስኪንጠለጠል ማየት ነው። ቱቦው ከተወጠረ ሊፍቱ አላለቀም፤ ረዘም ያለ ቱቦ ሳይገጠም ያ መኪና ወደ ጀማ አይውረድ።